የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ስንብትና የሕግ ድጋፍ በአሜሪካ

በአሜሪካ ከትምህርት የተሰናበተ ወይም ሊሰናበት የተቃረበ የጥርስ ሕክምና ተማሪ የሚያገኘው የሕግ ድጋፍ ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ይግባኝ ይጀምራል፤ አንዳንዴም እስከ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይደርሳል። ሕዝቡ ይበልጥ የሚያውቀው ፍርድ ቤቱን ነው። የአብዛኛው ተማሪ ዕድል የሚወሰነው ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ መምህራን በተቀመጡበት የኮሚቴ ክፍል ውስጥ ነው። ይህም የሆነው የአገሪቱ ዳኞች በመምህራን የትምህርት ውሳኔ ላይ እጃቸውን ላለማስገባት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲጠነቀቁ በመኖራቸው ነው።

የጥርስ ሐኪምነት ትምህርት ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 4 ዓመት ይወስዳል። ተበድረው የሚማሩ ተመራቂዎች ዕዳ በአማካይ 300 ሺህ ዶላር ገደማ ይደርሳል። በሦስተኛው ዓመት የተሰናበተ ተማሪ ብድሩን ተሸክሞ ይወጣል እንጂ የሚሠራበት ፈቃድ አይኖረውም። ሌላ ትምህርት ቤት ካቆመበት ተቀብሎ የሚያስቀጥለው እምብዛም ነው፤ ከመጀመሪያው ዓመት ልጀምር ቢል እንኳ ቀድሞ የት እንደተማረና ለምን እንደወጣ ይጠየቃል።

ከብዙ ሙያዎች በተለየ እዚህ ተማሪው የሚመዘነው በእጁም ጭምር ነው። ለምሳሌ በልምምድ ክፍል በአሻንጉሊት ጭንቅላት አፍ ውስጥ የተተከለ የፕላስቲክ መንጋጋ ጥርስ ለክራውን፣ ማለትም ለሰው ሠራሽ የጥርስ ሽፋን፣ እንዲያዘጋጅ ይታዘዛል። በብረት ላይ ፖርሴሊን ለሚለበስበት ክራውን የጥርሱ አናት ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር መሞረድ አለበት፤ ጎኖቹ ወደ ላይ በመጠኑ ጠበብ ማለት ይኖርባቸዋል፤ የጎረቤቱ ጥርስም መነካት የለበትም። መምህሩ በዓይኑና በመለኪያ መርፌ አይቶ ያለፈ ወይም የወደቀ ይላል። ሁለት መምህራን በአንድ ጥርስ ላይ የማይስማሙበት ጊዜ አለ። ተሰናባቹ ተማሪ «አድልዎ ደርሶብኛል» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ይህን ዓይነቱን ምዘና ነው፤ ፍርድ ቤት ለመግባት ከሁሉም ይበልጥ የሚያመነታውም በዚሁ ላይ ነው።

የሕጉ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1961 ተጣለ። በሞንትጎመሪ የአላባማ ስቴት ኮሌጅ ጥቁር ተማሪዎች የዘር መድሎን በመቃወም በአንድ የምሳ መሸጫ ተቀምጠው ከኮሌጁ ተባረሩ፤ የአምስተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪን በጥፋት ከማባረሩ በፊት ክሱን ሊነግረውና ሊያደምጠው ይገባል ሲል ወሰነ። ዲክሰን በመባል የሚታወቀው ይህ ፍርድ ግን የሚመለከተው የሥነ ሥርዓት ጥፋትን ነበር። ውጤቱ ዝቅ ስላለ የተሰናበተስ? ለዚህ ጥያቄ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መልስ የሰጠው በ1978 ነው። ሻርሎት ሆሮዊትዝ በካንሳስ ሲቲ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ነበረች። በክሊኒክ ሥራዋ ደጋግመው ቅሬታ ያቀረቡት መምህራን በመጨረሻ 7 ሐኪሞች እንዲገመግሟት አደረጉ። ሁለቱ ትመረቅ አሉ፤ ሁለቱ አሁኑኑ ትሰናበት አሉ፤ ሦስቱ መካከለኛ ሐሳብ ያዙ። ትምህርት ቤቱ አሰናበታት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸናው። ተማሪዋ ጉድለቷ አስቀድሞ ከተነገራትና ውሳኔው ታስቦበት ከተላለፈ፣ ለትምህርት ስንብት የችሎት ዓይነት ማድመጫ አያስፈልግም ተባለ።

ከ7 ዓመት በኋላ፣ በ1985፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ብሔራዊ ፈተና በመውደቁ የተሰናበተውን የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የስኮት ኢዊንግን ጉዳይ ወሰነ። በዚያው ፕሮግራም ፈተናውን የወደቁ ሌሎች ተማሪዎች እንደገና እንዲቀመጡ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ ለእሱ ግን ተከለከለ። ቢሆንም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ከዩኒቨርሲቲው ጎን ቆመ። ዳኞች የትምህርት ውሳኔን የሚሽሩት ተቀባይነት ካለው የአካዳሚ ልማድ እጅግ የራቀና የሙያ ዳኝነት ያልታየበት ሲሆን ብቻ ነው አለ። ከደቡባዊ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት የተሰናበተ ተማሪ ያቀረበው ክስ በ2011 በሰባተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የወደቀው በዚሁ አስተሳሰብ ነው።

መምህራንን ማመን አስፈላጊ ነው፤ ነገ በታካሚ አፍ ውስጥ የጥርስ መቦርቦሪያ የሚይዘውን ሰው ብቃት ዳኛ ሊመዝን አይችልም። ያለ ገደብ ሲታመኑ ምን እንደሚከተል ግን የአትላንታው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ታሪክ ያሳያል። ጆን ቡህለር ዲን በነበሩበት ከ1948 እስከ 1961 በነበረው ዘመን ከአይሁድ ተማሪዎች 65 በመቶ ያህሉ ወይ ወድቀው ወጡ ወይ ትምህርት እንዲደግሙ ተገደዱ። እያንዳንዱ ለብቻው «እጅህ ለዚህ ሙያ አይሆንም» የሚል ዓይነት ፍርድ ሰምቶ፣ በራሱ አፍሮ ወደ ቤቱ ሄደ። ፔሪ ብሪክማን በ1952 ከአንደኛ ዓመት በኋላ ተሰናበተ፤ በቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ሆነ። እጁ ለሙያው አይሆንም ለተባለ ሰው ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም። የፀረ ስም ማጥፋት ሊግ የሚባለው የአይሁድ ድርጅት አሃዙን በዚያው ዘመን ሰብስቦ አቅርቦ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ግን አልተቀበለውም። ብሪክማን አሃዙን በ2006 ኤሞሪ ውስጥ በተዘጋጀ ኤግዚቢሽን ላይ ካየ በኋላ የቀድሞ ተማሪዎችን እየፈለገ ቃላቸውን በቪዲዮ ቀዳ። በ2012 የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጄምስ ዋግነር በይፋ ይቅርታ ጠየቁ፤ ከተበዳዮቹ መካከል ለዚያ ቀን ያልደረሱ ነበሩ።

ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በፊት እነዚህ ተማሪዎች የሚይዙት የሕግ ጫፍ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። ዛሬ ዘርን፣ ጾታንና አካል ጉዳትን የሚመለከቱ የፌዴራል ሕጎች አሉ፤ ጠበቃውም የደንበኛውን ውጤት ብቻ ሳይሆን በተመሳሳይ ውጤት ያልተሰናበቱ ተማሪዎችን መዝገብ ይፈልጋል። አድልዎ በአንድ ተማሪ ማኅደር ላይ እምብዛም አይታይም፤ ማኅደሮቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው የሚገለጠው።

ስንብቱ «የትምህርት» ነው ወይስ «የሥነ ሥርዓት» የሚለው ልዩነት፣ ከዲክሰንና ከሆሮዊትዝ ፍርዶች እንደታየው፣ ትልቅ ክብደት አለው። በ2007 በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት የፈተና ምስሎችን በኮድ ከተቆለፈ ፋይል አስቀድመው አይተዋል በሚል 46 የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ተቀጡ፤ 9ኙ ስንብት፣ 16ቱ እገዳ፣ 21ዱ ተግሣጽ ደረሳቸው። እንዲህ ያለው የፈተና ማጭበርበር ክስ በመንግሥት ተቋም ሲሆን ማስረጃ ማየትና መልስ መስጠት ይቻላል። ትምህርት ቤቶች ግን «የሙያ ሥነ ምግባር» የሚለውን እንደ ትምህርት መመዘኛ መያዝ ለምደዋል። በ2015 የስድስተኛው ወረዳ ፍርድ ቤት በኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ጉዳይ ይህን ተቀብሎ፣ ዲፕሎማው ይሰጠው ያለውን የሥር ፍርድ ሻረ። ውሳኔው ለተማሪዎች ከባድ ነው፤ ማርፈድና ጠባይ ከጥርስ ሙሌት ጋር በአንድ ሚዛን ተቀመጡ ማለት ነውና።

በግል ትምህርት ቤት ደግሞ የሕገ መንግሥቱ የተገቢ ሥርዓት ዋስትና አይሠራም። እዚያ የተማሪው መያዣ ውል ነው፤ በብዙ ግዛቶች የተማሪዎች መመሪያ መጽሐፍ በተቋሙና በተማሪው መካከል እንዳለ ውል ይቆጠራል። ኮሚቴው በመጽሐፉ የተጻፈውን የራሱን ሥርዓት ከዘለለ ክርክር ይነሳል። በኒው ዮርክ እንዲህ ያለው አቤቱታ ውሳኔው የመጨረሻ ከሆነ በ4 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት።

አካል ጉዳትና የመማር ችግር ያለባቸው ተማሪዎች በ1973ቱ የተሐድሶ ሕግና በ1990ው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ይጠበቃሉ። በ1991 የአንደኛው ወረዳ ፍርድ ቤት የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪን ጉዳይ ሲያይ፣ ትምህርት ቤቱ «አይቻልም» ማለቱ ብቻ አይበቃም፣ ሌላ የፈተና መንገድ መኖሩን በእርግጥ መመርመሩን ያሳይ አለ። ተቋሙ አሳየና በቀጣዩ ዓመት ረታ። በ2012 ደግሞ የዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ፣ አካል ጉዳቱን ያገናዘበ ማመቻቸት የጠየቀው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው ተብሎ ተረታ። ሐኪም ወረቀት የጻፈለት ተማሪ ወረቀቱን ለአካል ጉዳት አገልግሎት ቢሮ ማስገባት ያለበት ከመውደቁ በፊት ነው።

ጠበቃው በተግባር የሚሠራው ከችሎት ይልቅ ከደብዳቤ ጋር ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች አማካሪ ይዞ መግባትን ይፈቅዱና መናገርን ይከለክላሉ፤ ስለዚህ ጠበቃው ይግባኙን ያረቃል፣ ተማሪውንም ለጥያቄ ያዘጋጃል። ጥሩ ይግባኝ መምህራንን አይሳደብም። ምን እንደተፈጠረ፣ ምን እንደተለወጠና በየትኛው ማስረጃ እንደሚታይ ይናገራል። እናቱ ታማ በነበረበት ወር ሦስት ፈተና የወደቀ ተማሪ የሆስፒታሉን ወረቀትና ከዚያ በፊት የነበረውን ውጤት አያይዞ ቢያቀርብ፣ ስለ ጨካኝ ኮሚቴ ከሚጽፈው አምስት ገጽ ይበልጣል። በ1974ቱ የትምህርት መዛግብት ሕግ ትምህርት ቤቱ ማኅደሩን በ45 ቀን ውስጥ ማሳየት አለበት፤ የይግባኝ ቀነ ገደብ ግን አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ብቻ ሊሆን ስለሚችል የመዝገብ ጥያቄውና የጊዜ ማራዘሚያው በዚያው ቀን ይጻፋሉ። ለቤተሰብ ለመናገር አፍሮ ይህን ጊዜ በዝምታ የሚያሳልፍ ተማሪ የሚያጣው ነገር ትልቅ ነው። አድልዎ ያለበት ጉዳይ ለፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ በ180 ቀን ውስጥ ያለ ክፍያ ሊቀርብ ይችላል።

በውጭ አገር ተምረው ወደ አሜሪካ የሄዱ የጥርስ ሐኪሞች፣ ከኢትዮጵያም የሚሄዱትን ጨምሮ፣ ዲግሪያቸውን በሁለትና ሦስት ዓመት ፕሮግራም ሲያሟሉ ስንብቱ ይከፋባቸዋል፤ ኤፍ-1 ቪዛ የያዘ ከሆነ የመቆያ መብቱ ከምዝገባው ጋር የተሳሰረ ነው። በተቋሙ ፈቃድ ትምህርቱን ያቋረጠ ተማሪ ከአገር ለመውጣት 15 ቀን ይሰጠዋል፤ ያለ ፈቃድ ያቋረጠ ግን ይህ እንኳ የለውም። እዚህ ላይ የትምህርት ጠበቃ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር መምከር ይኖርበታል።

ብዙው ክርክር በፍርድ ሳይሆን በስምምነት ይዘጋል። ተማሪው ዓመቱን እንዲደግም ይፈቀድለታል፤ ካልሆነም በትራንስክሪፕቱ ላይ «ተሰናብቷል» የሚለው ቀርቶ «በፈቃዱ ለቋል» ተብሎ እንዲጻፍ ይደረጋል፤ ይህም በሌላ ትምህርት ቤት ማመልከቻና በግዛት የጥርስ ሕክምና ቦርድ ፊት ልዩነት ያመጣል። ስምምነቱ አብዛኛውን ጊዜ በምስጢር ስለሚያዝ የተረቱት ስም በፍርድ መዛግብት ሲቀር፣ የተስማሙት አይታወቁም።