አንድ ሞተር፣ ሁለት መልእክት

ሞተር ጠጋኝ ነኝ፤ ደንበኛ ሞተሩን ቶሎ ቶሎ ሲያበራ ሲያጠፋ ካየሁ ዝም ብዬ አላልፍም። ሞተር ሲነሳ የሚስበው ኮረንት ፍጥነቱን ይዞ ሲዞር ከሚስበው ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ መነሳት ሲደጋገምበት የመዳብ ጥቅሉ ይግላል፣ ውሎ አድሮም ይቃጠላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ከተሞች ሳይረን ግን ሆን ተብሎ እንዲህ ይሠራ ነበር።

የሳይረኑ አሠራር እንዲህ ነው፦ በማይንቀሳቀስ ባለ መስኮት ቀፎ ውስጥ ሌላ ባለ መስኮት ከበሮ ይዞራል። ከበሮው አየር ስቦ ወደ ውጭ ይገፋል፤ መስኮትና መስኮት ሲገጥሙ አየሩ ይወጣል፣ ሲተላለፉ ይታፈናል። ባለ 10 መስኮት ከበሮ በደቂቃ 2,800 ጊዜ ቢዞር አየሩን በሰከንድ 467 ጊዜ ያህል ይቆርጠዋል። እንግሊዞቹ በሞተሩ ሌላኛው ጫፍ ባለ 12 መስኮት ከበሮ ጨመሩ፤ እሱ በዚያው ፍጥነት 560 ይሰጣል። የሁለቱ ድምፅ ርቀት በትዝታ ማይነር በመነሻውና በሦስተኛው ድምፅ መካከል ያለው ነው። አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፤ ርቀታቸው አይፈርስም። ሆድ የሚያባባው ይህ ይመስለኛል።

የጠላት አውሮፕላን ሲመጣ ማብሪያው ላይ ያለው ሰው ያበራል፤ ጥቂት ቆይቶ ያጠፋል፤ ከበሮው በያዘው ጉልበት እየዞረ ድምፁ ሲወርድ መልሶ ያበራል። አደጋው ሲያልፍ አብርቶ ይተወዋል፤ ድምፁ ወጥቶ ይረጋል። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1939 (እ.ኤ.አ.) ጠቅላይ ሚኒስትር ቻምበርሊን ከረፋዱ 5 ሰዓት ከሩብ ላይ አገራቸው ጦርነት መግባቷን በሬዲዮ ከተናገሩ ብዙም ሳይቆይ ማስጠንቀቂያው ለንደን ላይ ጮኸ፤ የቦምብ ድብደባ ግን አልነበረም።

ለመርዝ ጋዝ ሌላ ምልክት ተመደበ፦ በእጅ ሲዞር የሚንቋቋ የእንጨት መሣሪያ። ጋዝ ምን እንደሚያደርግ እኛ ኢትዮጵያውያን ከዚያ 3 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ አሸንጌ ሐይቅ ላይ አይተነው ነበር። ከጁን 1940 ጀምሮ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ደወል ጠላት ምድሪቱን ከወረረ ብቻ እንዲደወል ታዘዘ።

በእጅ የሚዞር ሳይረንም ነበር፤ እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የሱ ሠራተኛ ነው። ለማስጠንቀቂያው መዘውሩን ይገፋል፣ ያላላል፣ ደግሞ ይገፋል፤ በየመሀሉ ክንዱ ያርፋል። አደጋው ማለፉን ለማብሰር ግን ፍጥነቱን ሳይለውጥ ማዞር አለበት። ክንዱ ከዛለ ድምፁ ይወርዳል፤ እንደገና በርትቶ ሲያነሳው ደግሞ ከምሽግ ሊወጡ ለተነሱት ሰዎች የሚሰማቸው ማስጠንቀቂያው ነው።