ጥቁር ቀለም ፊት እንዳይውጥ

ወዳጆቼና የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ከአምቦ፣ ከጉደርና ከጊንጪ የድሮ ፎቶ ሰብስባችሁ የአካባቢ ታሪክ መጽሐፍ ለምታዘጋጁ ይቺን ልበል።

የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ቤድሮስ ቦያጂያን ባነሳቸው ፎቶዎች ላይ ከጥቁር እስከ ነጭ ብዙ ዓይነት ግራጫ አለ። ባለ አንድ ቀለም ማተሚያ ግን ያለው ጥቁር ብቻ ነው፤ ግራጫውን የሚያስመስለው በነጠብጣብ ነው። ዘዴው በውጭው ዓለም ከ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተስፋፋ። ብርሃንና ሰላም በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የወጡ የድሮ ጋዜጦችን ፎቶ በአጉሊ መነጽር ብታዩ ነጠብጣቡን ታገኙታላችሁ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ርካሽ ወረቀት ቀለም ይመጣል፣ ነጠብጣቡ ይሰፋል፣ ጥላው ይደፈናል። ነጭ ጋቢው ቁልጭ ብሎ የለባሹ ፊት ግን ጠቁሮ የሚቀረው ለዚህ ነው። ስሙ ከሥር ተጽፏል፤ ልጆቹ እንኳ አይለዩትም። ታዲያ ታሪክ ጸሐፊ በምን ያመሳክር?

ስለዚህ ፎቶውን በሚታተምበት መጠን በ300 ዲፒአይ ስካን አድርጉ። በቴሌግራም ስትላላኩ በፋይል ይሁን፤ በፎቶ ከላካችሁት ጥራቱ ይወርዳል። ወደ ግሬይስኬል ከቀየራችሁ በኋላ ጥላውን ፈካ አድርጉት፤ ስክሪን ላይ ትንሽ የፈዘዘ ቢመስልም ወረቀት ላይ ይጠቁራል። ዋናውን ስካን ግን አትንኩት። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ማተሚያ ቤቱ በዚያው ወረቀት አንድ ገጽ ይሞክርላችሁ፤ ገጹን ለቤተሰቡ አሳዩና «ይሄ ማን ነው?» በሏቸው።