ክብደት የመቀነስ ውጣ ውረድ፤ ከሁምቦ ታሪክ አንጻር

ከሶዶ ተነሥቶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው ብዙም ሳይርቅ የሁምቦን ወረዳ ያገኛል። ዋና ከተማው ጠበላ ነው። ደጋው ለእንሰት የተመቸ ሲሆን ቆላው ወደ አባያ ሐይቅ እየወረደ ይሄዳል። ስለ ውፍረት ለመጻፍ ይህን አገር መምረጥ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል፤ የሁምቦ ስም ከውፍረት ይልቅ ከረኀብ ጋር ተያይዞ ሲነሣ ኖሯልና። ሆኖም ክብደቱን ለመቀነስ የሚጥር ሰው ስንት ጊዜ ወርዶ ስንት ጊዜ ተመልሶ እንደሚወጣ የታዘበ የሙያ ባልደረባ፣ የነገሩን ምክንያት ለማግኘት ከረኀብ ታሪክ መነሣት ግድ ይሆንበታል።

በአገራችን ተለያይተው የቆዩ ሰዎች ሲገናኙ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚነሣው ወሬ የሰውነት ወሬ ነው። «ምነው ከሳህ? ምን ነካህ?» የተባለ ሰው ያልደረሰበትን ችግር ሁሉ ማስተባበል ይጀምራል። «ወፈር ብለሃል፤ አገሩ ተስማምቶሃል» የተባለው ግን ተመስግኖ ያልፋል። ይህ አነጋገር ያለ ምክንያት የተፈጠረ አይደለም። ጎተራው በየዓመቱ በሚሞላበትና በሚጎድልበት አገር ሰውነትም እንደ ጎተራው ይሞላል፣ ይጎድላል።

የወላይታ ገበሬ ዓመት ይህንኑ ያሳያል። በመስከረም የዘመን መለወጫው የጊፋታ በዓል ይከበራል። እናቶች ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙት ቅቤ ይወጣል፤ አባወራዎች በቡድን ሆነው በቆጠቡት ገንዘብ በሬ ገዝተው ያርዳሉ፤ ቁርጡ በዳጣ ይበላል። ከዚያ በኋላ ስኳር ድንቹና ከእንሰት የሚገኘው ቆጮ ቤቱን ይዘው ይቆያሉ። በልግ ሲገባ ግን ጎተራው ይራቆታል፤ የእርሻው ሥራም የሚከብደው ያኔ ነው። በቆሎው እሸት እስኪደርስ ድረስ ሰው ብዙ እየሠራ ጥቂት ይበላል። በጥጋብ ወራት የተጠራቀመው ስብ በዚህ ጊዜ ስንቅ ይሆናል። ለዚህ ኑሮ የሰውነት መውፈርና መክሳት የዓመቱ ሥርዐት እንጂ በሽታ አልነበረም።

ሥርዐቱ የተናጋባቸው ዓመታትም አሉ። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወላይታንም ጎድቷል። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ በአካባቢው ብዙዎች «አረንጓዴ ረኀብ» ብለው የጠሩት ችግር ደረሰ። መሬቱ ለምልሞ ይታያል፤ ነገር ግን በቆሎው ገና አልደረሰም፣ ስኳር ድንቹ አልቋል፣ እንሰቱም ለሁሉ አይበቃም። መንገደኛ ልምላሜውን አይቶ «ምን ጎደላቸው?» ሲል፣ በየቤቱ ያሉ ሕፃናት በረኀብ አብጠው ነበር። ሚዛን በገጠር የታወቀው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ሕፃኑ በተንጠልጣይ ሚዛን ይመዘናል፤ ክንዱ በጥብጣብ ይለካል፤ ከተወሰነው መጠን በታች ከሆነ ወደ መመገቢያ ጣቢያ ይላካል። በ1993 ዓ.ም. በአጎራባቹ በሐዲያ ዞን እጅግ የተጎዱ ሕፃናትን ከእናታቸው ቤት ሳያስወጡ፣ ከኦቾሎኒ በተዘጋጀ ጉልበት ሰጪ ምግብ የማከም ሙከራ ተደርጎ፣ ከ170 ሕፃናት 85 ከመቶው አገገሙ። ይህ አሠራር በኋላ በብዙ አገሮች ሊስፋፋ ችሏል። በዚያ ዘመን በሚዛኑ ላይ የታየች እያንዳንዷ ግራም ደስታ ነበረች።

ዛሬም ይኸው ሚዛን በጤና ጣቢያው አለ፤ የሚቆሙበት ሰዎች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። በአገሪቱ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች መካከል ከሚገባው በላይ የከሱት በ1992 ዓ.ም. 30 ከመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 22 ከመቶ ሆነዋል። በዚሁ ጊዜ ውስጥ ከሚገባው በላይ የወፈሩት ከ3 ከመቶ ወደ 8 ከመቶ ከፍ ብለዋል። ችግሩ በከተሞች ይብሳል። ስለዚህ አንድ ሐኪም በጠዋት የከሳ ሕፃን፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ስኳር በሽታ የጀመረውን ወፍራም ጎልማሳ ሊመለከት ይችላል። ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች የሚሆኑበት ጊዜም አለ።

ጎልማሳውን እንመልከት። በልጅነቱ ከብት ጠብቆ፣ ውሃ ቀድቶ፣ በእግሩ ትምህርት ቤት ተመላልሶ አድጓል። አሁን ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ይውላል፤ በባጃጅ ይሄዳል፤ ለስላሳ መጠጥ ይጠጣል። ሐኪም «ክብደት ቀንስ» ሲለው ይደነግጥና እራት ይተዋል፤ በጠዋት ፌጦ በሎሚ ይጠጣል፤ እንጀራውን በግማሽ ይቀንሳል። በሁለት ወር ውስጥ ሰባት ኪሎ ይወርዳል። ሰፈሩ ግን «ታመመ እንዴ?» ይላል፤ እናቱም ትጨነቃለች። ጊፋታ ሲደርስ ትንሽ ይለቃል፤ በዓመቱ ሲመዘን ከቀድሞው ሁለት ኪሎ ጨምሮ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ራሱን ሆዳም፣ ሐኪሙም እሱን ሰነፍ አድርገው ይቈጥሩታል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ሁለቱም ተሳስተዋል የሚል ነው።

ማስረጃው ከረኀብ ጥናት የተገኘ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945፣ አንሴል ኪስ የተባሉ ተመራማሪ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ወጣቶችን በፈቃዳቸው አስርበው ነበር። ወጣቶቹ በኅሊናቸው ምክንያት ጦር መሣሪያ አንይዝም ያሉ ናቸው። የጥናቱ ዓላማ በጦርነቱ የተራበውን ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚገባ ማወቅ ነበር። በ24 ሳምንታት የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ። ሰውነታቸው ቀዘቀዘ፤ የልብ ምታቸው ዘገየ፤ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። እንደ ልባቸው እንዲበሉ በተፈቀደላቸው ጊዜ ሆዳቸው እየሞላ እንኳ ረኀቡ አልለቃቸውም፤ ብዙዎቹም ከፊተኛው የበለጠ ስብ አከማቹ። ሰውነት ሲጎድልበት ወጪውን ቀንሶ ገቢውን የሚያሳድድ መሆኑ በዚህ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተገኘው ሌፕቲን የተባለው ቅመም ደግሞ መልእክተኛውን አሳየን። ስቡ ሲቀንስ ይህ ቅመም ያንሳል፤ አንጎልም «ረኀብ መጥቷል» ብሎ የምግብ ፍላጎትን ይቀሰቅሳል። አንጎል ድርቅ ያመጣውን ረኀብና በሐኪም ትእዛዝ የተጀመረውን ረኀብ ለይቶ አያውቅም።

የወላይታ ከብት አድላቢ ይህን ነገር በራሱ መንገድ ያውቀዋል። ለማድለብ የሚመርጠው ቁመናው ትልቅ ሆኖ በእርሻ ድካም የከሳውን በሬ ነው። የከሳው በሬ በቤት ታስሮ፣ የስኳር ድንች ሐረግ፣ የበቆሎ አገዳና ንፍሮ ሲቀርብለት በጥቂት ወራት ይደልባል። ራሱን በረኀብ አክስቶ ወደ በዓል ማዕድ የሚመለሰው ጎልማሳም ሳያውቀው ራሱን ለድለባ አዘጋጅቷል ማለት ነው።

ሁምቦ የሚያስተምረን ሌላም ነገር አለ። የሁምቦ ተራራ ደን ለማገዶ፣ ለከሰልና ለግጦሽ ሲባል ተመናምኖ ጎርፍ ቆላውን ይጎዳ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ገደማ ወርልድ ቪዥን ከነዋሪው ሕዝብ ጋር ሥራ ሲጀምር፣ አብዛኛው ቦታ አዲስ ችግኝ አላስፈለገውም። የተቈረጡት ዛፎች ጉቶና ሥር ከመሬት በታች በሕይወት ነበሩና መጠበቅ ብቻ በቂ ሆነ። ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት 2,728 ሄክታር ተረክበው፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው፣ ከብት ከልክለው፣ ቡቃያውን እየመለመሉ ጠበቁ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 ሥራው በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ሥር ተመዘገበ።

ለጕዳያችን ከዚህ ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛው ሥሩ አለመሞቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በስዊድን የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በአዋቂ ሰው ላይ የስብ ሕዋሳት ቍጥር ብዙ ክብደት ከቀነሰ በኋላም አይለወጥም፤ ሕዋሳቱ ይኮማተራሉ እንጂ አይጠፉም። በደን ረገድ ተስፋ የሆነው ነገር በውፍረት ረገድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የከሳው ሰው ቀድሞም ከሲታ የነበረውን ሰው አይመስልም፣ ጥበቃ ይፈልጋል። ሁለተኛው የአሠራሩ ነገር ነው። ተራራው የዳነው በአንድ ሰሞን ዘመቻ ሳይሆን በየቀኑና በየዓመቱ በተደረገ ጥበቃ ነው። ክብደትም በሁለት ወር ዘመቻ ይወርድ ይሆናል፤ ወርዶ የሚቆየው ግን በጥበቃ ነው።

ክብደቱ መልሶ የሚጨምር ከሆነ ድካሙ ከንቱ አይሆንም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ አይሆንም ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በአሜሪካ የታተመ ጥናት ለስኳር በሽታ የቀረቡ 3,234 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከክብደታቸው 7 ከመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተመከሩትና የታገዙት ሰዎች በበሽታው የመያዛቸው ዕድል በ58 ከመቶ ቀነሰ። በቀጠሉት ዓመታት ካጡት ክብደት አብዛኛው ተመልሷል፤ ሆኖም ከአሥር ዓመት በኋላም በሽታው በእነርሱ ላይ በ34 ከመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። መውረዱና መውጣቱ ያስተዛዝባል፤ ጥቅሙ ግን ከሚዛኑ ቍጥር ይበልጣል።

እንግዲህ እኛ የሙያ ባልደረቦች ከዚህ የምንወስደው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ክብደቱ የተመለሰበትን ሰው «ቃልህን አልጠበቅህም» ብለን ማሳፈር ይቅርብን። ያፈረ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ አይመለስም፤ ካልተመለሰም የደም ግፊቱንና ስኳሩን የሚያይለት አይኖርም። ሁለተኛ፣ ሃያ ኪሎ ቀንስ ከማለት አምስት ኪሎ ቀንሰህ ጠብቅ ማለት ይሻላል። ሦስተኛ፣ ምክራችን ከጓዳው ይነሣ፤ ጎመኑና ሽፈራው፣ ቦሎቄውና በእግር መሄዱ ከአባቶች የተወረሱ ናቸው፣ ለስላሳውና ዘይቱ ግን የቅርብ ጊዜ እንግዶች ናቸው። አራተኛ፣ ቤተሰቡን ሳይዙ አንዱን ሰው ብቻ መምከር፣ አንዱ ገበሬ ሲከልል ሌላው ከብቱን እንደሚለቅበት ደን ነው።

ከሁሉ በላይ ግን በሚዛኑ ፊት የቆመው ሰውነት የማን ልጅ እንደ ሆነ አንርሳ። ዛሬ አልከሳም ብሎ የሚያስቸግረው ይህ ሰውነት፣ ትናንት በበልግ ወራት አልሞትም ብሎ ቤተሰቡን ያቆየው ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሰውየው ሁለት ኪሎ ጨምሮ ሲመጣ የመጀመሪያው ቃላችን «እንኳን ተመለስህ» የሚል ይሁን፤ የደም ግፊቱን ለክተንም ካቆምንበት እንቀጥል።