ለኩሬ ዓሣ ተስማሚውን መኖ መምረጥ

ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ኡኬ ከነቀምቴ ይልቅ ቆላማና ሞቃታማ ናት። ይህ አየር ለቆሮሶ እርባታ ይስማማል። ሆኖም ኩሬ ቆፍሮ ጫጩት መጨመር ብቻውን ውጤት አያስገኝም፤ አርቢውን ከሚያከስሩት ስሕተቶች አንዱ የመኖ አመራረጥና አሰጣጥ ነው።

መኖ የሚመረጠው በዓሣው ዝርያ ነው። ቆሮሶ በተፈጥሮው በውኃ ውስጥ የሚበቅሉ ጥቃቅን ዕፅዋትን ይመገባል፤ ረጅም አንጀቱም ለዚህ የተመቸ ነው። አምባዛ በአንጻሩ ነፍሳትን፣ ትላትልንና ትናንሽ ዓሦችን ጭምር ስለሚበላ ከፍ ያለ ፕሮቲን ይፈልጋል። በአንድ ኩሬ ውስጥ ትልልቅ አምባዛዎችን ከቆሮሶ ጫጩቶች ጋር መቀላቀል ጫጩቶቹን መኖ ማድረግ ነው።

ለቆሮሶ ርካሹ መኖ ራሱ ኩሬው ነው። የከብት ወይም የዶሮ ፍግ በመጠኑ ሲጨመር ውኃው አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴነቱም የጥቃቅን ዕፅዋቱ ምልክት ነው። ክንድን ወደ ውኃው በማስገባት መለካት ይቻላል፦ መዳፍ የሚሰወረው ውኃው ክርን አካባቢ ሲደርስ ከሆነ መጠኑ ተስማሚ ነው፤ ገና ከእጅ አንጓ ሳያልፍ ከተሰወረ ፍጉ በዝቷል።

በዚህ ላይ ተጨማሪ መኖ ይሰጣል። በወለጋ ኑግ በስፋት ስለሚመረት ፋጉሎው ጥሩ የፕሮቲን ምንጭ ነው። ሁለት እጅ የኑግ ፋጉሎና አንድ እጅ የስንዴ ፉርሽካ ሲደባለቁ የድብልቁ ፕሮቲን ወደ 25 በመቶ ይጠጋል፤ ይህም አረንጓዴ ውኃ ላለው ኩሬ ማደለቢያ ይበቃል። ፋጉሎው ቃጫ ስለሚበዛው በደንብ መፈጨት አለበት። ጫጩቶች ግን 40 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ያለው የላመ መኖ ያስፈልጋቸዋል። በክረምት ርጥበት የሻገተ ፋጉሎ ወይም በቆሎ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ለዓሣ አይሰጥም።

መጠኑ በዓሦቹ ክብደት ይሰላል። እያንዳንዳቸው 50 ግራም የሚመዝኑ 200 ቆሮሶዎች በድምሩ 10 ኪሎ ግራም ናቸው። የክብደታቸው 3 በመቶ ሲታሰብ የቀኑ ድርሻ 300 ግራም ይሆናል፤ ይህም ረፋድ 4 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እኩል ተከፍሎ ይሰጣል። ዓሦቹ ሲያድጉ መቶኛው ይቀንሳል፤ የዕለቱ መጠን ግን ይጨምራል። የውኃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ የቆሮሶ ፍላጎት ስለሚቀንስ፣ እንደ ነቀምቴ ባለ ደጋማ ስፍራ በሐምሌና በነሐሴ መኖውን መቀነስ ይገባል።

ያልተበላ መኖ ገንዘብ ከማባከኑም በላይ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ዓሦቹ ንጋት ላይ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ ምልክቱ ይህ ነው። መኖውንና ፍጉን ወዲያውኑ ማቆም፣ ንጹሕ ውኃም ማስገባት ያስፈልጋል። በቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ ዓሣ የሚያኖሩም ይህንኑ ሊያስቡ ይገባል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቀው ብቻ ይሰጣል።