ከላይ የሚቀር ሰም

ለቅኔ ወዳጅ «ሰም» ሲባል ከኋላው ወርቅ ይታየዋል። አንጥረኛው የጌጡን ቅርጽ በሰም ያበጃል፤ በሸክላ ጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በተወው ባዶ ቦታ ወርቅ ይፈስበታል። ባለቅኔዎቻችንም ከዚህ ሙያ ስሙን ተውሰው የላይኛውን ፍች ሰም፣ የውስጡን ወርቅ አሉት። በዚህ ሥርዓት ሰም የተፈጠረው ለመጥፋት ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ሌላ ሰም ነው፤ ቀልጦ የማይወጣ፣ ከላይ ተቀብቶ ከላይ የሚቀር፣ ከሥሩ ያለውን ግን አድምቆ የሚያሳይ፤ በጋራዥ ቋንቋ «ዋክስ» የሚሉት የመኪና ሰም። ውድ አንባብያን፣ «ይህ ደግሞ ከሥነ ጽሑፍ ጋር ምን አገናኘው?» እንዳትሉኝ። ከዚያች ትንሽ ቆርቆሮ ጀርባ የሞተ ሙያ አለ፤ የጦርነት ባሩድ አለ፤ የድርቅ አገር ዛፍም አለ።

አውቶሞቢል ስትወለድ ፈረስ የሌላት ሠረገላ ነበረች፤ ቀለሟም የሠረገላ ቀለም ነበር። ቀቢው የተልባ ዘይት ያለበትን ቀለም በብሩሽ ይቀባል፤ እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄትና በውኃ አሽቶ ያለሰልሳል፤ ደግሞ ይቀባል። በመጨረሻም ከዛፍ ሙጫ የተሠራ ቫርኒሽ ይደርብበታል። አቧራ እንዳይነሣ ወለሉን ውኃ እየረጩ፣ በር ዘግተው፣ እንደ መነኩሴ በዝምታ ይሠሩ ነበር። አንድ አካል በዚህ መንገድ ተቀብቶ እስኪያልቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ውጤቱ ግን ዛሬም የሚያስቀና ነው፤ ብርሃኑ በብዙ ድርብ ቫርኒሽ ውስጥ ጠልቆ ገብቶ ስለሚመለስ ቀለሙ ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ ሥር የሚታይ ይመስላል። «ጥልቅ ድምቀት» የሚባለው ነገር መለኪያው የተቀመጠው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ኬሚስትሪ ሁሉ ያንን መልክ ባነሰ ጊዜ ለማግኘት የተደረገ ሩጫ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ሩጫውን ያስጀመረው ፋብሪካው ነው። ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1908 ሞዴል ቲን ሲያወጣ መኪናዋ ግራጫም፣ አረንጓዴም፣ ቀይም ነበረች። ከ1914 እስከ 1925 ግን ጥቁር ብቻ ሆነች። ምክንያቱ ጥቁር ፈጥኖ ስለሚደርቅ ነው እየተባለ ይተረካል፤ እኔ ግን የሬንጅ ዘር የነበረበት ያ ጥቁር ርካሽና ጽኑ መሆኑ የበለጠ ያሳምነኛል። ያም ሆነ ይህ ተንቀሳቃሹ የመገጣጠሚያ መስመር መኪናን በሰዓታት ሲያቆም፣ ቀለም ገና በሳምንታት ይቆጥር ነበር። ሳይደርቁ የተደረደሩ አካላት የፋብሪካውን ወለል አጣበቡት።

መፍትሔው የመጣው ከባሩድ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የዱፖንት ኩባንያ ጭስ የሌለው ባሩድ የሚሠራበትን ናይትሮሴሉሎስ በገፍ ያመርት ነበር፤ ሰላም ሲወርድ ያ ሁሉ ፋብሪካ ሥራ ፈለገ። ዱፖንት በጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ትልቅ ባለድርሻ ስለነበር መንገዱ ሩቅ አልነበረም። ኬሚስቶቹ ናይትሮሴሉሎስን በቀጭኑ አሟሙተው፣ ቀለም ቀላቅለው፣ በአየር ግፊት የሚረጭ ላከር ሠሩ፤ ስሙንም ዱኮ አሉት። እ.ኤ.አ. በ1923 የጄኔራል ሞተርስ ልጅ የነበረችው ኦክላንድ የ1924 ሞዴሏን በዱኮ ሰማያዊ ቀብታ አወጣች። የሳምንታት ሥራ በሰዓታት የሚቆጠር ሆነ። በ1926 ፎርድም ከጥቁር ወጥቶ ወደ ቀለማት ተመለሰ። የዱኮ ስም እጅግ ከመስፋቱ የተነሣ በህንድ እስከ ዛሬ በመርጫ የሚቀባ የዕቃ ቀለም ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራል።

በዚያው ቅጽበት የብሩሽ ሊቃውንት ዘመን አበቃ። ለዓመታት እጁን ያሠለጠነ ቀቢ፣ ጥቂት ጊዜ በተማረ ረጪ ተተካ። ፋብሪካዎቹ ያተረፉት ጊዜ ተመዝግቧል፤ ቀቢዎቹ ይዘውት የሄዱት እውቀት ግን በየትኛውም የሂሳብ መዝገብ አልሰፈረም። (መዝገብ ስገለብጥ የምውል ሰው ነኝና ይህ ዓይነቱ ያልተጻፈ ኪሳራ ያስቆጨኛል።)

አሁን ወደ ሰሙ እንመለስ። ላከር እንደ ቫርኒሽ በራሱ አያበራም። ሲረጭ ደብዛዛ ሆኖ ይደርቃል፤ ብርሃን የሚያገኘው በአሸዋ ወረቀት ተስተካክሎ በማሻሻ ሲወለወል ነው። ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ፊቱ እየሞተ እንደ ኖራ ይነጣል። ስለዚህ ፋብሪካው ያተረፈውን ጊዜ ከፊሉን ባለቤቱ መክፈል ጀመረ፤ በየቅዳሜው፣ በጨርቅና በክንዱ። በቺካጎ በ1910 የተመሠረተው ሲሞኒዝ የሚባል ሰም እጅግ ስለገነነ ስሙ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግስ ሆኖ ገባ፤ «ሲሞናይዝ ማድረግ» ማለት መኪናን ሰም ቀብቶ መወልወል ማለት ሆነ። የንግድ ስም ወደ ግስነት ሲወጣ ሕዝብ ምን ያህል ክንዱን እንዳደከመ ይመሰክራል።

ሰም ስንል የንብ ሰም ትዝ ይለን ይሆናል፤ አገራችን የማርና የሰም አገር ናትና። የንብ ሰም ግን በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ይቀልጣል፤ ቀትር ላይ የዋለ ጥቁር ቆርቆሮ ደግሞ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ለመኪና ብቻውን አይበቃም። የተመረጠው በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ በሴያራና በፒያዊ ደረቅ ምድር የሚበቅለው የካርናውባ ዘንባባ ሰም ነው። ዛፉ በድርቅ ወራት ውኃው እንዳይተንበት ቅጠሉን በሰም ይሸፍናል፤ ይህ ሰም ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ካልደረሰ አይቀልጥም፤ ጥንካሬውም ከተፈጥሮ ሰሞች ሁሉ የላቀ ነው። ዛፉ ለራሱ ጥም የሸመነው ልብስ የሰው መኪና ልብስ ሆነ ማለት ነው! የዊስኮንሲኑ የሰም ነጋዴ ኸርበርት ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1935 «ካርናውባ» ብሎ በሰየማት የሲኮርስኪ የውኃ አውሮፕላን ወደ ብራዚል በርሮ ዛፉን በአገሩ አጥንቷል። በ1998 ልጁ ሳሙኤል በአምሳያዋ በተሠራች አውሮፕላን የአባቱን መንገድ ተከተለ። አንድ ቤተሰብ ለአንድ ዛፍ ሁለት ጊዜ ውቅያኖስ ዳር ለዳር በረረ።

ከሰም ጋር የሚነሣው ሁለተኛው ነገር ግሌዝ ነው፤ ለእኔ ዋናው ጥያቄም እዚህ ላይ ነው። ሰም ይሸፍናል፤ ግሌዝ ግን ይሞላል። ዘይትና እጅግ የደቀቀ ሙሊት የተቀላቀለበት ቅባት ነው። የቀለም ፊት ለዓይን ለስላሳ ይምሰል እንጂ ከእጥበትና ከአቧራ የመጡ በሺህ የሚቆጠሩ ጭረቶች አሉበት፤ እያንዳንዱ ጭረት ብርሃንን ወደየአቅጣጫው ይበትናል፤ የተበተነው ብርሃን በቀለሙ ላይ እንደ ነጭ ጉም ያርፍና ጥቁሩን ግራጫ፣ ቀዩን ፈዛዛ ያደርገዋል። ዘይቱ ጭረቱን ሲሞላው ብርሃኑ መበተኑን ይተውና ቀጥ ብሎ ይመለሳል፤ ጥቁሩም ይጠቁራል። የወንዝ ጠጠር ሲረጥብ ለምን እንደሚደምቅ፣ ሲደርቅ ለምን እንደሚገረጣ ያስተዋለ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በውድድር አደባባይ መኪናቸውን የሚያቀርቡ ሰዎች «እርጥብ መልክ» የሚሉትም ይህንኑ ነው።

የባለሙያ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። መኪናው ታጥቦ ይደርቃል፤ ጥላ ውስጥ ቆሞ ቆርቆሮው ይቀዘቅዛል፤ ጥልቅ ጭረት ካለ በማሻሻ ይወገዳል፤ ከዚያ ግሌዙ በስሱ ይታሻል፤ በላዩ ሰሙ በስሱ ይቀባል፤ ሰሙ ደርቆ ጭጋግ ሲመስል በለስላሳ ጨርቅ ይወለወላል። ሰሙን ማብዛት ድምቀት አይጨምርም፤ ትርፉ ክንድ ማድከም ነው። ሰም ያልተደረበበት ግሌዝም ዕድሜው አጭር ነው፤ ጥቂት እጥበት ይወስደዋል።

እንግዲህ ግሌዝ ውሸት ነውን? ጭረቱ አልዳነም፤ ተደብቋል እንጂ። አሮጌ መኪና ሊሸጥ የወጣ ሰው ቀለሙን በግሌዝ ሞልቶ ቢያቀርብ፣ ገዢው ከሦስተኛው እጥበት በኋላ ሌላ መኪና ያገኛል፤ ይህን ማታለል ከማለት በቀር ስም አላገኝለትም። ባለቤቱ ለራሱ ዓይን ሲቀባው ግን ፍርዴ ይለዝባል። ቀለምን በማሻሻ ማሸት ማለት በእያንዳንዱ ጊዜ ቀለሙን መቀነስ ነው፤ ዕድሜ የጠገበ ስስ ላከር ያለበትን መኪና ጭረት ሁሉ ካልፋቅሁ የሚል ሰው መጨረሻ ላይ ባዶ ብረት ይደርሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሽማግሌ ቀለም ቁስሉን ሞልቶ ማኖር ከመፋቅ ይልቅ ርኅራኄ አለው።

በ1980ዎቹ ከቀለሙ በላይ ጥርት ያለ መከላከያ መደረብ ሲለመድ ሠረገላ ቀቢው የተወው ድርብ ብርሃን በሌላ መልክ ተመለሰ። ከፋብሪካ የሚወጣው መኪና በራሱ አንጸባራቂ ሆነ፤ የቅዳሜው ድካምም ቀለለ። ዘንድሮ ደግሞ ከሲሊካ የተሠሩ «ሴራሚክ» የሚባሉ ቅቦች ለዓመታት እንዘልቃለን እያሉ የሰምን ቦታ ይሻሙታል። ካርናውባ ግን ገበያው አልጠፋም፤ ከመኪናውም አልፎ በከረሜላ ልባስና በመድኃኒት እንክብል ላይ ይገኛል። በ2017 አንድ የጀርመን ቴሌቪዥን ዘገባ ከካርናውባ እርሻዎች አንዳንዶቹ ላይ ሠራተኞች ያለ መጠለያና ያለ ንጹሕ ውኃ ሲሠሩ አሳይቶ ነበር፤ የብራዚል የሥራ ተቆጣጣሪዎችም ከባርነት በማይሻል ሁኔታ የተያዙ ሰዎችን ከዚያ ነፃ አውጥተዋል። ዝናቡ ባረፈባቸው ወራት ቆራጮቹ በረጅም ዘንግ ጫፍ ማጭድ አስረው ወደ ዛፉ አናት ይዘረጋሉ፤ የወረደው ቅጠል ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅ ይወቃል፤ የሚረግፈው ብናኝ ተሰብስቦ ይቀልጣል።