የደንብ ፊደልና የዳኛ ፍርድ

ደንብ የሚጽፍ ሰው ሁሉ አንድ ፈተና አለበት፤ እርሱ የሚያውቀውን አንባቢውም የሚያውቀው ይመስለዋል። በአሜሪካ የተፈለሰፈው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ምናባዊ ጀግና ሚና ይይዛል፤ ዳኛው ዓለሙን ይተርካል፤ አጠራጣሪውን ነገር ዳይስ ይወስናል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. ደንቡን በሦስት ትንንሽ ጥራዞች አሳተሙ። ጥራዞቹ ግን ስለ ውጊያ በሚናገሩበት ሥፍራ አንባቢውን በ1971 ወደ ታተመው «ቼይንሜይል» ወደሚባል የጦር ጨዋታ ደንብ ይመሩት ነበር። ሌላ አማራጭ ስልት በአጭሩ ቢያቀርቡም፣ የውጊያው ቅደም ተከተል ያን መጽሐፍ ላልያዘ ሰው ግልጽ አልነበረም። ስለዚህም ደንቡ ከቦታ ቦታ በልዩ ልዩ መንገድ ተተረጐመ። ደራሲዎቹ ራሳቸው በመዝጊያው ላይ የጎደለውን አንባቢው እንደ ወደደ እንዲሞላው መክረው ነበርና ይህ የሚያስደንቅ አይደለም።

ብዥታውን ለማጥራት ሁለት መንገዶች ተሞከሩ። የመጀመሪያው የነርቭ ሐኪም የነበረው የኤሪክ ሆምዝ ነው። እርሱ በ1977 የታተመውን የጀማሪዎች መጽሐፍ ሲያዘጋጅ፣ ነባሩን ደንብ ለአዲስ አንባቢ በሚገባ ቋንቋ አስተካክሎ ጻፈው። ሁለተኛው የጋይጋክስ ነው። እርሱ በ1978 እና በ1979 ባወጣቸው ሰፋፊ መጻሕፍት ጨዋታው በየቦታው አንድ ዓይነት እንዲሆን ደንብን በደንብ ላይ ጨመረ።

ይሁንና ቃል በበዛ ቁጥር ጥያቄው አልቀነሰም። ለምሳሌ «ደረጃ» የሚለው ቃል የጀግናውን ብቃት፣ የአስማቱን ክብደት፣ የጭራቁን ኃይልና የምድር ቤቱን ጥልቀት ያመለክት ነበር። ጋይጋክስ ለየአንዳንዱ የተለየ ስያሜ ለመስጠት አስቦ እንደነበር በ1978ቱ መጽሐፍ ገልጿል፤ ነገር ግን ተጫዋቹ ለምዶታል በማለት አንዱን ቃል በአራቱም ትርጉም ተወው። በ1979 «ድራጎን» የተባለው መጽሔት ለተጫዋቾች ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ቋሚ ዓምድ ከፈተ።

የሚያስገርመው፣ አንድነትን አጥብቆ የፈለገው ጋይጋክስ በ1979ኙ መጽሐፉ መደምደሚያ ላይ ከደንቡ ፊደል ይልቅ መንፈሱ እንዲጠበቅ ዳኞችን ማሳሰቡ ነው። ደንብ ወደፊት የሚነሣውን ጉዳይ ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። በመሆኑም መልካም ደንብ የሚባለው ለሁሉ መልስ ያለው ሳይሆን፣ የራሱ ቃል የሚያበቃበትንና የዳኛው ፍርድ የሚጀምርበትን ወሰን በግልጽ የሚያሳይ ነው።