ገመድ፣ ዘንግና ውኃ ልክ

«ምህንድስና» ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ግድብ፣ ፎቅና ፋብሪካ ነው። ለመሆኑ የዶዮገና ገበሬ በሁለት ዘንግና በአንድ ገመድ የሚሠራው ሥራስ ምህንድስና አይደለምን? ታሪክ ይመልስልን።

ከሺህ ዓመት በፊት አቡ በክር ሙሐመድ አል-ከረጂ የተባለ የሒሳብ ሊቅ በባግዳድ ይኖር ነበር። በኋላም ወደ ተራራማው የፋርስ ምድር ተመልሶ፣ ከመሬት በታች ያለን ውኃ ስለ ማውጣት መጽሐፍ ጻፈ። የዚያ አገር ሰዎች ከተራራ ሥር ያገኙትን ውኃ «ቃናት» በሚባል ረጅም የምድር ውስጥ ቦይ ወደ እርሻቸው ያወርዱ ነበር። ቁልቁለቱ ከበዛ ውኃው ቦዩን ይሸረሽራል፤ ካነሰ ደግሞ ደለል ይሞላዋል። ስለዚህ አል-ከረጂ የመሬትን ከፍታና ዝቅታ መለኪያ መሣሪያዎች አብራራ። ከእነርሱም አንዱ በሁለት ዘንጎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ የሚንጠለጠል ነበር።

አሁን ወደ ከምባታ እንመለስ። በዶዮገና መሬቱ ተዳፋት፣ የቤተሰብ ይዞታውም ጠባብ ነው። የክረምት ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ሲወስድ የልጆችን ቀለብ ይዞ ይሄዳል። እርከን ሲቀየስ ሁለት ዘንግ ይቆማል፣ ገመድ ይወጠራል፣ መካከሉ ላይ ውኃ ልክ ይንጠለጠላል። መስመሩ ከተዛነፈ ጎርፉ ዝቅ ባለው ቦታ ተጠራቅሞ እርከኑን ይበጥሳል፤ ልኩን ከጠበቀ ግን ውኃው ቀስ ብሎ ይሰርጋል። በእርከኑ ላይ ደሾ ሳር ይተከላል። ሥሩ አፈር ይይዛል፤ ቅጠሉ ለከብትና ለበግ መኖ ይሆናል። ፍጉም ተመልሶ ለእንሰቱ ይውላል።

ይህ ምን ያህል ይቆያል የሚል ቢኖር ወደ ኮንሶ ይመልከት። የኮንሶ የድንጋይ እርከኖች ከ400 ዓመት በላይ ዘልቀው በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። ያቆያቸው የድንጋዩ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን፣ የፈረሰውን እየካበ ያለፈው ትውልድ ሁሉ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ልማት የሚዘልቀው መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠግነው እጅ በመንደሩ ሲገኝ ነው። ጥቂት ስንዝር መሬት ለማትረፍ እርከኑን በማረሻ የሚቆርስ ሰው ግን ትርፉን በመጀመሪያው ዶፍ ዝናብ ያጣዋል። ልጆቻችን ሒሳብን ለፈተና ብቻ አይማሩ። በጋው ሳያልፍ ገመዱን እናስይዛቸው፤ የተበጠሰውንም እርከን አብረን እንጠግን። አፈሩ አደራ ነውና።